ወጋጎዳ፦ አራት ቋንቋ በአንድ መጽሐፍ

ከዛላ በኩል መጥቶ ካምባ ገበያ የሚውል የጎፋ ነጋዴ አስተርጓሚ ይዞ አይመጣም። ካምባ የጋሞ ምዕራባዊ ዳር ናት፤ ከዚያ ወዲያ የጎፋ አገር ይጀምራል። ሻጭና ገዢ በየራሳቸው ንግግር ይከራከራሉ፣ ይዋዋላሉ፣ ሲከፋቸውም ይሰዳደባሉ። ወላይታ ሶዶ የሄደ የካምባ ሰውም ጆሮው እስኪለምድ ጥቂት ይቸገር እንደሆነ እንጂ ነገሩ ፈጽሞ አይሰወርበትም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህን መቀራረብ ያዩ የመንግሥት ሰዎች አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ለወላይታ፣ ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ ልጆች አራት ዓይነት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ቢበቃስ? ከአራቱ ተውጣጥቶ ለሚሠራው ቋንቋ ከየስማቸው የመጀመሪያዋን ፊደል ወስደው ወጋጎዳ አሉት። ዕድሜው በጣም አጭር ነበር። ዛሬ ነገሩን የሚያስታውስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው ሶዶ ላይ የፈሰሰውን ደም ነው፤ ደሙም መታወስ አለበት። ዕቅዱ ግን ሶዶ ላይ ደም ከፈሰሰበት ከኅዳር 1992 በፊት ረጅም መንገድ ተጉዟል፣ ከዚያም በኋላ ጥላው አልጠፋም። ላከሸፉት ሰዎች መሣሪያ ያቀበላቸው ደግሞ ዕቅዱን ያወጣው መንግሥት ራሱ ነው።

ከ1887 ዓ.ም በፊት፦ ንጉሥ ያለውና ንጉሥ የበዛበት አገር

አራቱ ሕዝቦች በንግግር ቢቀራረቡም በአገዛዝ አይመሳሰሉም ነበር። ወላይታ ጠንካራ ማእከል ያለው፣ ካዎ በሚባል ንጉሥ የሚመራ መንግሥት ነበረው። ዳውሮም የራሱ ነገሥታት ነበሩት፤ በንጉሥ ሃላላ ስም የሚጠራው ረጅሙ የድንጋይ ካብ እስከ ዛሬ ይታያል። በነዚህ አገሮች ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ጋሞ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጋሞ ደሬ በሚባሉ ብዙ ትንንሽ አገሮች የተከፋፈለ ነበር። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ካምባና ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ካዎ፣ የየራሳቸው ሃላቃ የሚባል ሹም ነበራቸው። ካዎው መሥዋዕት አቅራቢና የበረከት ምንጭ ነው እንጂ ብቻውን ቆርጦ የሚያዝ ገዢ አልነበረም። የአገሩ ጉዳይ የሚቆረጠው ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ሜዳ ነው። እዚያ ነገር ይነሣል፣ ይብላላል፣ ካልተስማሙበት ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ፈረንሳዊው የሰብእ ጥናት ምሁር ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ ዱቡሻ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። የፖለቲካ ጥናት ሰዎች ከአውሮፓ ተነሥተው አንዲት የጋሞ ኮረብታ ድረስ የመጡት ለዚህ ነው፤ ያለ ንጉሥ ትእዛዝ አንድ ሕዝብ እንዴት ውሳኔ ላይ እንደሚደርስ ለማየት።

ይህን ልማድ መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ዕቅድ በማንም ዱቡሻ ላይ ሳይነሣ ነበር የታተመው።

ከ1887 እስከ 1966፦ ለሦስት ጠቅላይ ግዛት የተከፈለ ንግግር

በ1887 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በመሩት ዘመቻ የወላይታው ካዎ ጦና ተሸነፈ። ጦርነቱ በደቡብ ከተደረጉት ሁሉ እጅግ ደም ያፈሰሰ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮም በዚያው ዘመን ወደ ግዛቱ ገቡ። ነፍጠኛው መጣ፣ ገባሩ ተቆጠረ፣ የአቤቱታና የፍርድ ቋንቋ አማርኛ ሆነ።

ለታሪካችን ግን ከዘመቻው ይልቅ ከዚያ ወዲህ የመጣው የአስተዳደር ካርታ ይበልጣል። በኃይለ ሥላሴ ዘመን ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ወደቀ። ዳውሮ ከኮንታ ጋር ሆኖ በከፋ ሥር ገባ፤ ባለጉዳዩ ጅማ ድረስ ይሄዳል። ጋሞና ጎፋ ብቻ አብረው ጋሙ ጎፋ በተባለው ጠቅላይ ግዛት ቀሩ፤ ዋና ከተማው መጀመሪያ ደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ አዲስ የተቆረቆረችው አርባ ምንጭ ሆነች። ተቀራራቢ ንግግር የሚናገሩት ሰዎች በሦስት ጠቅላይ ግዛት ተከፋፈሉ፤ የሚገናኙት በገበያ እንጂ በመንግሥት ቢሮ አልነበረም።

ስማቸውም ያኔ የራሳቸው አልነበረም። ወላይታ በመንግሥት መዝገብ «ወላሞ»፣ ዳውሮ «ኩሎ» እየተባለ ይጻፍ ነበር። ሁለቱም ሕዝቦች የማይወዱት መጠሪያ ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ የሚሠራው ጋሞ ደግሞ ከየትኛውም ደሬ ይምጣ «ዶርዜ» ነው።

በዚህ ዘመን አንድ ቋንቋ ተራራ ተሻግሮ ሄዷል፤ የወሰደው ግን መንግሥት አልነበረም። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም ወላይታ ገቡ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ጥቂት ነበሩ፤ ሲመለሱ ያገኙት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነው። የወላይታ ወንጌላውያን ከዚያ በእግራቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ ዘለቁ። ብዙዎቹ የሰበኩት በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ አድማጩም ገባው። ወላይትኛ ያለ አንዳች ደብዳቤና ማኅተም ከጎረቤቶቹ ዘንድ የጸሎትና የመዝሙር ቋንቋ ሆነ። የኋለኞቹ ዕቅድ አውጪዎች ይህን ልብ ብለው ቢሆን ኖሮ ብዙ ይማሩበት ነበር።

ምሁራንም ዓይናቸውን የጣሉት ያኔ ነው። ጣሊያናዊው ማርቲኖ ማሪዮ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ እነዚህን ንግግሮች በአንድነት «ኦሜቶ» ብሎ ጠራቸው። ኋላ አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሌሚንግ ከኩሽ ቤተሰብ ነጥሎ ኦሞቲክ የሚል አዲስ ቤተሰብ ሲያቆም ኦሜቶን በውስጡ አስገባው። የቃላት ቆጠራው የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን መሠረታዊ ቃላት እጅግ የተቀራረቡ ሆነው አገኛቸው። ውኃና ቤትን የመሰሉ የዘወትር ቃላት ወላይታ ላይ በ«ት» የሚጠሩት ጋሞ ላይ በ«ትስ» ድምፅ ይጠራሉ፤ ሥራቸው አንድ ነው። ከሰዎቹ መካከል ግን ራሱን «ኦሜቶ ነኝ» ብሎ የሚጠራ አልነበረም። ስሙ የምሁራን ነበር፤ በመጽሐፍ ቤት ተወለደ፣ እዚያው ኖረ። ይህን ዓይነት ስም ወደ መማሪያ ክፍል ለማስገባት የሞከረ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማንንም አልጎዳም።

ከ1966 እስከ 1983፦ ፊደል የደረሰውና ያልደረሰው

አብዮቱ ስሞቹን መለሰ። ወላሞ ወላይታ፣ ኩሎ ዳውሮ መባሉ ትልቅ ነገር ነበር፤ ስሙ ከተመለሰለት ብዙም ያልቆየ ሕዝብ እንደገና በምህጻር ሲጠራ ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይበቃል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ሁሉም በግእዝ ፊደል ተጻፉ። ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ነበር። ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውርኛ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ አንድ የሶዶ ገበሬ በአፍ መፍቻው ፊደል ሲቆጥር የካምባው ገበሬ ያ ዕድል አልገጠመውም። ወላይትኛ በዚህ መንገድ ከሦስቱ እኅቶቹ ቀድሞ መጽሐፍ፣ አስተማሪና አንባቢ አገኘ። ይህ ብልጫ ከሃያ ዓመት በኋላ ወላይታ ለምን ከሁሉም አብልጦ እንደተቆጣ ያስረዳል፦ የሚያጣው ነገር ነበረው።

በ1980 ዓ.ም ደግሞ የኢሕዲሪ መንግሥት የአገሪቱን ካርታ እንደገና ሲሥል ሰሜን ኦሞ የሚባል የአስተዳደር አካባቢ ፈጠረ። ወላይታ ከሲዳሞ፣ ዳውሮ ከከፋ ወጥተው ከጋሞና ከጎፋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። መቀመጫው አርባ ምንጭ ሆነ። አራቱ ሕዝቦች በአንድ የአስተዳደር ቢሮ በር ላይ ወረፋ መያዝ የጀመሩት ያኔ ነው። ወጋጎዳ ያለዚህ የደርግ ካርታ አይታሰብም ነበር፤ ዕቅዱን የኢሕአዴግ ብቻ አድርጎ መተረክ ግማሹን መተው ነው።

ከ1984 እስከ 1991፦ አንድ ዞን፣ አንድ ድርጅት፣ አንድ መጽሐፍ

የሽግግሩ መንግሥት አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲከፍል የሰሜን ኦሞ ምድር ክልል 9 ሆነ። ያ ክልል ብዙ አልኖረም። ከ7 እስከ 11 ያሉት ክልሎች ተጠቃልለው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሲሆኑ ሰሜን ኦሞ ዞን ሆኖ ቀረ። ወላይታ ሶዶ ያለ ባለጉዳይ ለዞን ጉዳይ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አርባ ምንጭ መውረድ ነበረበት። በቁጥር ከዞኑ ሕዝቦች ሁሉ የሚበልጠው ወላይታ መቀመጫውን ማጣቱ ከጅምሩ አልተዋጠለትም።

ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ በየሕዝቡ ስም ድርጅት ያቆም ነበር፤ እዚህ ግን የአራቱን ስም በአንድ ሠንሰለት አያይዞ አንድ ድርጅት አቆመ። ካድሬው አንድ፣ የዞን ምክር ቤቱ አንድ፣ በጀቱም አንድ ሆነ። የቀረው ቋንቋው ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አዘዘ። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ተጽፎ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። የግእዝ ፊደል የተተወበት ምክንያት ከፊሉ ፖለቲካ ነው፣ ከፊሉ ግን የድምፅ ጉዳይ ነው፦ ኦሜቶ ንግግሮች ላይ የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ ትርጉም ይለውጣል፣ ግእዙ ደግሞ እነዚህን ለይቶ አያሳይም። የላቲኑ ጽሕፈት ፊደሉን እየደገመ ያሳያል።

ችግሩ የመጣው ፖሊሲው በዞኑ ውስጥ ባሉት ቋንቋዎች ሁሉ ሲባዛ ነው። ለእያንዳንዱ ቋንቋ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት መጽሐፍ ይዘጋጅ ቢባል አዘጋጁስ፣ አራሚውስ፣ ማተሚያ ቤቱስ፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? የክልሉ ባለሥልጣናት ጭንቀት የውሸት አልነበረም። የቋንቋ ሊቃውንት መጽሐፍ ሲገለጥ ደግሞ «እነዚህ ንግግሮች እጅግ ይቀራረባሉ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው እርምጃ ለቢሮ ሰው ቀላል ነው። ከአራቱ ቃላት እየተመረጡ፣ ሰዋስዉም እየተቀላቀለ የመጀመሪያዎቹ የወጋጎዳ መጻሕፍት ተዘጋጁ።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር ሁለት ታሪኮችን ማየት ይጠቅማል፤ ያኔ አርባ ምንጭና አዋሳ ላይ ያነሣቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም። ናይጄሪያ ውስጥ ቶማስ ዴኒስ የተባለ የእንግሊዝ ሚሲዮናዊ ከተለያዩ የኢግቦ ዘዬዎች እየቀላቀለ «የኅብረት ኢግቦ» ሠራ፤ መጽሐፍ ቅዱሱም እ.ኤ.አ. በ1913 ታተመ። በቤተ ክርስቲያን ለረጅም ጊዜ ተነበበ፤ እንደ አጠቃላይ የጽሑፍ ቋንቋ ግን አልጸናም፣ ምክንያቱም ማንም በቤቱ የሚናገረው አልነበረም። ዚምባብዌ ላይ ደግሞ ክሌመንት ዶክ እ.ኤ.አ. በ1931 የሾና ዘዬዎችን የሚያዋህድ ሐሳብ አቀረበ፤ እሱ ሥር ያዘ። ሾና አንድ ስም ነው፣ የማንም ዘዬ ቁራጭ ስም አይደለም፤ የካራንጋውም የዜዙሩውም ልጅ በጊዜ ብዛት ስሙን የእኔ አለው። ወጋጎዳ የሚለው ስም ግን ገና ከአፍ ሲወጣ ስፌቱ ይታያል።

በዚያ ላይ ሕገ መንግሥቱ ነበር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት ይሰጠዋል። ካድሬዎቹ ራሳቸው ለዓመታት በየቀበሌው ይህን አንቀጽ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የወላይታ መምህር «ቋንቋዬን የማሳደግ መብት ካለኝ ማን ከሦስት ሌሎች ጋር አቀላቀለብኝ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከየት ይገኛል? መልስ የጠፋበት ባለሥልጣን የሚመዘው ቃል ዝግጁ ነበር፦ ጠባብ ብሔርተኛ፣ አደናቃፊ፣ ፀረ ልማት።

ኅዳር 1992፦ ሶዶ

መጻሕፍቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ተቃውሞው የተነሣው ከመምህራን ዘንድ ነው። ይህ አያስገርምም። መጽሐፉን ልጆች ፊት ቆሞ ማንበብ ያለበት መምህሩ ነው፤ ግማሹ ቃል የእሱ፣ ግማሹ የጎረቤቱ የሆነ ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የአንደኛ ክፍል ልጆች እንኳ ይስቁበታል። ለወላይታ መምህር ደግሞ ነገሩ ከመቸገር ያለፈ ነበር፤ በእጁ ያለ፣ የተሠራ፣ የተለመደ የወላይትኛ መጽሐፍ ተወስዶበት በምትኩ የተጎዳ የሚመስለው ቋንቋ ተሰጠው። ቋንቋችሁን አሳድጉ የተባሉት ሰዎች ቋንቋቸው ሲበላሽ እያዩ እንደሆነ ተሰማቸው።

ተቃውሞውን ያነሡ መምህራን ታሰሩ፣ ከቦታቸውም ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተደረገ። ይህ እርምጃ እሳቱን ያጠፋል ተብሎ ነበር፤ ያደረገው ግን የመምህራንን ቅሬታ የከተማው ሁሉ ቅሬታ ማድረግ ነው። በኅዳር 1992 ዓ.ም ተማሪዎች፣ መምህራንና የከተማው ነዋሪዎች ሶዶ አደባባይ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ በጅምላ ታሰሩ። በወላይታ ቤቶች የዚያ ኅዳር ስም ዛሬም የሚነሣው ከሟቾቹ ጋር ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ያደረገው በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር፦ አፈገፈገ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፣ ወላይትኛ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለምን ቶሎ እንደተሸነፈ ስናስብ የጊዜው ሁኔታ መዘንጋት የለበትም። ከኤርትራ ጋር የተከፈተው ጦርነት ገና አላበቃም ነበር፤ ወጣቱ ወደ ሰሜን ግንባር ይዘምታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ የተነሣ ደቡብ ላይ ሁለተኛ እሳት ማቀጣጠል ለማንም ባለሥልጣን ከባድ ነበር።

ጋሞስ፣ ጎፋስ፣ ዳውሮስ? ዝምታቸውን እንደ ይሁንታ የቆጠረው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ዝምታ ብቻ ነበር እላለሁ። ጋሞኛና ጎፍኛ እንደ ወላይትኛ ረጅም የመጽሐፍ ታሪክ አልነበራቸውም፤ የሚወሰድባቸው ነገር ገና ብዙ አልተሠራም ነበር። እንዲያውም አንዳንዱ «ከወላይታ ጋር የተካፈለ መጽሐፍ ከሌለ መጽሐፍ ይሻላል» ሊል ይችል ነበር። የወላይታው ቁጣ ግን ለእነሱም መንገድ ጠረገ፤ ወጋጎዳ ሲሞት እያንዳንዱ ቋንቋ ለብቻው የመጻፍ ተራ ደረሰው።

ከ1993 እስከ 2010፦ ቤቱ ሲከፈል

ቋንቋው ከወደቀ በኋላ ዞኑም አልቆመም። በ1993 ዓ.ም ሰሜን ኦሞ ተከፋፈለ። ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ፣ መቀመጫውም ሶዶ። ዳውሮ ዞን ሆነ። ኮንታና ባስኬቶ ልዩ ወረዳ ተባሉ። ጋሞና ጎፋ ብቻ እንደ ንጉሡ ዘመን አብረው ጋሞ ጎፋ ዞን ሆነው ቀሩ፣ አርባ ምንጭም መቀመጫነቷን ያዘች። ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውርኛ የየራሳቸው የመጀመሪያ ደረጃ መጻሕፍት ኖሯቸው ልጆች በየቋንቋቸው መማር ጀመሩ። ገንዘብ የለም የተባለለት ነገር ተሠራ፤ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም ተሠራ።

የ1999ኙ ቆጠራ ወላይታን ከ1.6 ሚሊዮን በላይ፣ ጋሞን ከ1.1 ሚሊዮን በላይ አድርጎ መዘገበ። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ሕዝብ ቋንቋው ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ሰሞን ተከፈተ።

ከዚህ ውጪ እነዚያ ዓመታት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ወጋጎዳ የሚለው ቃል ከመንግሥት ወረቀት ጠፍቶ በሰው አፍ ላይ የማስጠንቀቂያ ቃል ሆኖ ቀረ። ደቡብ ክልል ውስጥ ሕዝቦችን በሚያቀናጅ ማንኛውም ሐሳብ ላይ «ሌላ ወጋጎዳ እንዳይሆን» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር።

ከ2011 እስከ 2015፦ እርጥብ ሳርና ምርጫ ካርድ

በመስከረም 2011 ዓ.ም አርባ ምንጭ ላይ የሆነው ከቋንቋ ጋር አይገናኝም፤ ግን አንድን ዕቅድ ስለማክሸፍ በጋሞ ምድር የተጻፈ ታሪክ ይህን ማለፍ አይችልም። በኦሮሚያዋ ቡራዩ ላይ ጋሞዎች ተገድለው፣ ተፈናቅለው ሳለ ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። በቁጣ የተነሣ ወጣት ከተማው ውስጥ ያሉ የኦሮሞ ተወላጆችንና ንብረታቸውን ለማጥቃት ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ወጣቱ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሽማግሌ ሳር ይዞ ሲለምን አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ጎሜ የጣሰ ሰው፣ ቤቱና ዘሩ ሳይቀር ይጎዳል ተብሎ ይታመናል። ወጣቱ ቆመ። በቀሉ ከሸፈ። ከ19 ዓመት በፊት ሶዶ ላይ ተቃውሞን ለማክሸፍ ጥይት የተኮሰው መንግሥት ዕቅዱን ማዳን አልቻለም ነበር፤ እነዚህ ሰዎች በአንድ እፍኝ ሳር ያሰቡትን አደረጉ።

በዚያው ዓመት ጋሞና ጎፋም ተለያዩ። ጋሞ ዞን አርባ ምንጭን፣ ጎፋ ዞን ሳውላን ይዘው ለየብቻ ቆሙ፤ ካምባ ከጋሞ ጋር ሆነች። አራቱ ሕዝቦች በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ዞን ሆኑ።

ወላይታ ግን ከዞን በላይ ፈለገ። ዞን ምክር ቤቱ በ2011 ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ የራስ ክልል ጠየቀ። በነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮች ሲታሰሩ ሶዶና አካባቢው እንደገና በጥይት ድምፅ ተናወጡ፤ ሰዎችም ሞቱ። ጥያቄው እንደተጠየቀው አልተመለሰም። የመጣው ሌላ ነገር ነው፦ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ደቡብ ኦሞ፣ ጌዴኦና ኮንሶ ዞኖች ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር በአንድ አዲስ ክልል ለመደራጀት ሕዝበ ውሳኔ ሰጡ። የወላይታው ድምፅ በታየበት ጉድለት ተሰርዞ ሰኔ 12 እንደገና ተሰጠ። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ዳውሮ ቀደም ብሎ በ2014 ከተመሠረተው ከደቡብ ምዕራብ ክልል ጋር ሄዷል።

ወላይታ፣ ጋሞና ጎፋ እንዲህ እንደገና አንድ ቤት ገቡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም ቋንቋቸውን ለማዋሐድ አልሞከረም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆነ። መቀመጫዎቹም ተበታተኑ፦ የርእሰ መስተዳድሩ ቢሮ ወላይታ ሶዶ፣ ምክር ቤቱ አርባ ምንጭ፣ ሌሎቹ ቢሮዎችም በየከተማው። የወላይታና የአርባ ምንጭ የድሮ ክርክር በክፍፍል ተሸነገለ ማለት ይቻላል።

አሁን ጥያቄው ወደ ውስጥ ገብቷል። ጋሞኛ ራሱ ከደሬ ደሬ ይለያያል፤ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ግን የሚጽፈው አንድ ዓይነት ጋሞኛ ነው፣ የካምባም የጨንቻም ልጅ ያንኑ ያነባል። በጋሞ ዞን ውስጥ የሚኖሩት ዘይሴዎች ደግሞ ቋንቋቸው ከኦሜቶ የምሥራቅ ቅርንጫፍ ነው፤ ከጋሞኛ ይልቅ ወደ ኮሬዎች ቋንቋ ይጠጋል። የራሳቸውን አስተዳደር ጠይቀዋል፤ ጥያቄው ሲነሣ ከሚጠቀሱት አንቀጾች የመጀመሪያው አንቀጽ 39 ነው።